ጠማማዋ የረመዳን ጨረቃ

ያቺን ሰፌድ ባሰብኩ ቁጥር ዛሬም ደሜ ይፈላል። መዳፍ የምታህል ነበረች፤ ግድግዳ ላይ ከመሰቀል ሌላ ለምንም የማትሆን። በእሷ ምክንያት እንደተቆጣሁ ስናገር ሰው ይስቅብኛል። ካርቱም ውስጥ ደመወዝ የሚከለክል፣ ሠራተኛ ላይ በር ቆልፎ የሚሄድ ስንት ጉድ እያለ አንቺ በሰፌድ ትቆጫለሽ? ይሉኛል። አዎ፣ በሰፌድ እቆጣለሁ።

ጦርነቱ ሳይመጣ በፊት ነው። ካርቱም፣ አል-ጣኢፍ የሚባለው ሰፈር ውስጥ አንድ ትልቅ ቤት ተቀጥሬ ስሠራ አምስተኛ ዓመቴ ነበር። መዳም ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ይህን የምለው አዝኜላት ሳይሆን እውነት ስለሆነ ነው። ደመወዜን በቀኑ ትሰጠኛለች፣ ስታመም ሐኪም ቤት ትወስደኛለች። ብቻ እንግዳ የሚያየው ነገር ሁሉ እንከን እንዳይገኝበት ትፈልጋለች። ሳሎኗ ውስጥ ትራስ እንኳ ያለ ፈቃድ አይጋደምም። አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረቻት። ልጅቷ ኻልቶ ትለኛለች፣ አክስቴ ማለቷ ነው። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን ወርውራ በቀጥታ የምትመጣው እኔ ወዳለሁበት ማድቤት ነበር።

ረመዳን ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ከትምህርት ቤት ወረቀት ይዛ መጣች። እያንዳንዱ ልጅ ቤቱ ሆኖ በገዛ እጁ የረመዳን ማስጌጫ ሠርቶ ያምጣ ይላል። ያለፈው ዓመትም እንዲሁ ተብሎ ነበር። ያኔ መዳም ከሱቅ የሚያብለጨልጭ ፋኖስ ገዝታ፣ የዋጋውን ወረቀት በጥፍሯ ፍቃ፣ ልጇን አስይዛ ላከቻት። ዘንድሮ መምህሯ ሳትነቃ አልቀረችም፤ «ከሱቅ የተገዛ አንቀበልም» የሚል ከግርጌው ተጨምሮበታል።

«አንቺ ሥሪላት» አለችኝ መዳም፣ ዓይኗን ከስልኳ ሳታነሣ። «የእናንተ ሰዎች እጃቸው ይችላል።»

«በገዛ እጇ ነው እኮ የሚለው መዳም» አልኩ።

«ኸላስ፣ በቃ አብረሻት ተቀመጪያ። ያላ!»

እኔ የወሎ ልጅ ነኝ፣ ስፌት የተማርኩት ከእናቴ አጠገብ ቁጭ ብዬ ነው። እናቴ አንድ ሕግ ነበራት። ሴት ልጅ መጀመሪያ የሰፋችው፣ የእጅ መፍቻዋ፣ የቱንም ያህል ቢጣመም አይፈርስም፤ ሌላ ሰውም እጁን አያስገባበትም። የእኔ የእጅ መፍቻ አንድ ጎኑ ሽቅብ የተነሣ፣ ለየትኛውም ዕቃ የማይገጥም ክዳን ነበር። እናቴ ግን እሷ ከሰፋቻቸው ጌጠኛ ሌማቶች መሐል ሰቀለችው። ጎረቤት ሲስቅ «እጇን የፈታችበት ነው፣ ምን አገባችሁ!» ትላለች። መንደሩ ሁሉ እንዲህ ያድርግ አያድርግ አላውቅም። በእኛ ቤት ግን እንዲህ ነበር፣ እኔም እየተኩራራሁ ነው ያደግኩት።

ስለዚህ ልጅቷ ሰፌድ ትስፋ አልኩ። ሐሙስ ከሰዓት አስፈቅጄ፣ አውቶቡስ ላይ ተጋፍቼ፣ ድልድዩን ተሻግሬ ኦምዱርማን ገበያ ሄድኩ። የአገራችን አክርማና አለላ እዚያ የለም፤ የኦምዱርማን ሴቶች የሚሰፉት በዘንባባ ቅጠል ነው። ያልተነከረውንም፣ አረንጓዴና ቀይ የተነከረውንም ገዛሁ። ወስፌውን ከተሰበረ ጃንጥላ ሽቦ ራሴ አሹዬ፣ ጫፉ ላይ ጨርቅ ጠቅልዬ እጀታ አበጀሁለት።

ቅጠሉን ውኃ ውስጥ ዘፍዝፈን ካለሰለስነው በኋላ ማድቤት ወለል ላይ ምንጣፍ አንጥፈን ተቀመጥን። አጀማመሩን በሌላ ቁራጭ አሳየኋትና የእሷን ለእሷ ተውኩላት። መሐሉን ማጠንጠን፣ በወስፌ መብሳት፣ ቅጠሉን አሾልኮ መሳብ፣ እንደገና መብሳት። ወስፌው ጣቷን ሁለት ጊዜ ወጋት። ደሙን በልብሷ ጠርጋ ቀጠለች። ላግዝሽ ብዬ እጄን ስዘረጋ «ላ፣ ላ ኻልቶ! አትንኪብኝ!» ብላ ሰፌዱን ወደ ደረቷ ትስበዋለች። ይህቺ ልጅ ጫማዋን እንኳ ሌላ ሰው ነበር የሚያስርላት።

በአንድ ወገን አጥብቃ፣ በሌላው አላልታ ስለምትስብ ሰፌዱ ቀስ በቀስ ጎበጠ። ለረመዳን ብላ መሐል ላይ የምትሰፋት አረንጓዴ ጨረቃም አንዱ ጫፏ ወፍሮ አረፈው። ልጅቷ ራቅ አድርጋ አየቻትና መሬት ላይ ተንከባለለች በሳቅ።

«ሙዝ! ኻልቶ፣ የረመዳን ሙዝ ሠራሁ!»

«ታፈርሺዋለሽ?» አልኳት።

አሰብ አደረገች። «ሙዝም ቢሆን የኔ ነው።»

ያኔ የእናቴን ሕግ ነገርኳት። አንዴ አልበቃትም፣ ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ። የእኔን ክዳን ማን ማን እንደሳቀበት፣ እናቴ ምን ብላ እንደመለሰችላቸው ሁሉ ጠየቀች። በስድስተኛው ቀን ጨርሳ ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጠፈችው። ያን ቀን ስንት ጊዜ ውኃ እንደጠማት እኔ ነኝ የማውቀው። ትገባለች፣ በሩን ትከፍታለች፣ ሳትጠጣ ትዘጋለች፣ ሰፌዷን አይታ ትወጣለች።

ማስረከቢያው ነገ ሊሆን፣ ከሰዓት በኋላ ልጅቷ ቁርኣን ልትቀራ ሄዳ ሳለ መዳም ማድቤት ገባች። ሰፌዱን በሁለት ጣቷ ከማቀዝቀዣው ላይ አነሣችው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የልጅዎ ሥራ ነው። ብቻዋን ነው የሠራችው፣ ወላሂ።»

«ይሄንን ይዛ ልትሄድ? የክፍሏ ልጆች ይስቁባታል። ፍቺውና በደንብ ሥሪው።»

«መዳም፣ ከፈለጉ ሌላ ልሥራ። ይሄ ግን የእጅ መፍቻዋ ነው፣ አይፈርስም።»

«ስለ ልጄ አንቺ ልትመክሪኝ ነው?» አለች፤ ድምፅዋን ሳትጨምር። «እኔ የምፈልገው እንዳታፍርብኝ ነው። ጨረቃዋ ጨረቃ ትምሰል።»

ለልጇ ማሰቧ ነው፣ ይገባኛል። ግን እንዲህ ያለ ማሰብ ይቃጠል! ልጅቷ ያላፈረችበትን ነገር እናቷ አፈረችበት፣ ያችን የእሷን ሀፍረት ደግሞ ለልጅቷ ልታወርሳት ነው። ይህን ፊት ለፊት መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ኢቃማዬ፣ በእነሱ ስም ነው፤ በልቶ ማደርም አለ። ወስፌውን አንሥቼ መፍታት ጀመርኩ። የጣቷ ደም የነካው ቅጠል ላይ ደረስኩ፣ ያንንም ፈታሁት።

እዚህ ላይ ቁጣዬ ወደ ራሴ ይዞራል። ታዝዣለሁ፣ እሺ። እንደ ነገሩ አድርጌ፣ ትንሽ አጣምሜ ብመልሰው ማን ያውቅብኝ ነበር? ግን ለስላሳው ቅጠል እጄ ሲገባ፣ አምስት ዓመት ሙሉ ድስት ሲያጥብ የኖረ እጄ ሙያው ትዝ አለው። ጨረቃዋን ቀጭን፣ ጥርት ያለች አደረግኋት። ማንም ሳያዘኝ ባለ ስምንት ማዕዘን ኮከብ ጨመርኩባት። ዙሪያውን በቀይ ዘመዘምኩት። ስጨርስ ብርሃን ላይ ይዤ አየሁትና ደስ አለኝ። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ።

ልጅቷ መጣች። ማቀዝቀዣው ላይ ያለውን አየችና ዞራ እኔን አየችኝ።

«የኔስ?»

«እሱው ነው» አልኳት። «ትንሽ አስተካከልኩልሽ።»

ታለቅሳለች ብዬ ስጠብቅ «ጠይብ» አለች፣ እሺ ማለቷ ነው፤ ወደ ክፍሏም ሄደች። የመታችኝ ያህል ነው የተሰማኝ።

ሰፌዱ ትምህርት ቤቱ ቢሮ ውስጥ ከፍ ብሎ ተሰቀለ። ለልጅቷ በስሟ የምስጋና ወረቀት ተሰጣት፣ መዳምም ወረቀቱን ፎቶ አንሥታ ለዘመድ ሁሉ ላከች። ዓርብ፣ በዕረፍት ቀኔ፣ ዴም የሚባለው ሰፈር ወደተከራየናት ክፍል ስሄድ አብራኝ ለምትኖረው የጎንደር ልጅ ነገሩን ዘረገፍኩላት።

«እንዴ፣ እጅሽን እኮ ነው ያመሰገኑት» አለችኝ። «ደስ ሊልሽ ሲገባ ምን ሆነሽ ነው የምትንጨረጨሪው? ኸሊሃ፣ ተይው። የሀብታም ልጅ ሰፌድ ብትሰፋ ባትሰፋ ምን ሊጎልባት?»

ጮኽኩባት። የሀብታም ልጅ ሁሉ ነገር አላት፤ ራሷ የሠራችው ግን ያ አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ እሱንም እኛ ሁለት ትልልቅ ሴቶች ተባብረን ወሰድንባት አልኳት። የጎንደሯ ልጅ ሻይ ቀዳችልኝ።

ረመዳኑ ሊያልቅ ሲል ለዒድ ሳሎኑን ማስጌጥ መጣ። እልህ ያዘኝ። በራሴ ገንዘብ ባለ ቀለም ወረቀት፣ መቀስና ሙጫ ገዝቼ ልጅቷን ማድቤት ጠራኋት። ወረቀት እያጠፉ እየቆረጡ ከዳር እስከ ዳር የሚንጠለጠል የኮከብ ሰንሰለት መሥራት ነው፣ ከስፌት በጣም ይቀላል። «ዛሬ ማንም አይነካብሽም» አልኳት፤ «እናትሽም እኔም። ወላሂ አይነካም።»

ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። መቀሱን አነሣች፣ ወረቀቱን አጠፈች። ከዚያ ሁለቱንም እኔ ፊት አስቀመጠቻቸው።

«አንቺ ሥሪው ኻልቶ። እኔ አልችልም።»

ለመንኳት። ጠማማ ይሁን፣ ሙዝ ይሁን፣ ግድ የለም አልኳት። ኩርፊያ ቢሆን ባባበልኳት ነበር። እሷ ግን አላኮረፈችም፣ ቀኑ ስንት እንደሆነ እንደሚነግር ሰው ረጋ ብላ ነው የነገረችኝ። ሙጫውን እያቀበለችኝ አጠገቤ ቆየች። ምን ላድርግ፣ ሰንሰለቱን እኔው ሠራሁት።

የዒድ ዕለት ሳሎኑ በእንግዳ ሞላ። እኔ ብስኩትና ጭማቂ በትሪ ይዤ እየዞርኩ ነበር። አንዲት አሮጊት ሰንሰለቱን አንጋጠው አይተው ማን ሠራው ብለው ጠየቁ። መዳም ልትመልስ አፏን ስትከፍት ልጅቷ ቀደመቻት።

«አና» አለች። «እኔ ነኝ፣ ብቻዬን።»

ይህን ስትል ዓይኔን አየችኝ፤ ቅንጣት አላፈረችም። ሴቶቹ ሁሉ በአንድ አፍ «ማሻአላህ!» አሉ። አሮጊቷ ወደ እኔ ዞረው አንቺስ ምን ትያለሽ በሚል ፈገግ አሉ። ትሪውን ዝቅ አድርጌ ያዝኩና እኔም ማሻአላህ አልኩ።