እምቢተኛው እህል

የአንድ ሰው ሕይወት ተጠራቅሞ ስንት ይሆናል? ሰውየው ይሞታል፤ ስሙን የሚያውቁት ይሞታሉ፤ የእነሱን ስም የሚያውቁትም በተራቸው ይሞታሉ። ከዚያ ወዲያ ምን ይተርፋል? ከሐይቁ በላይ ባለው ገደል አፋፍ ነፋስ አሸዋውን በገለጠ ቁጥር የገንቦ ስባሪ ብቅ ይላል። አንዷ መዳፍ የምታህል ናት። በጀርባዋ የሴት አውራ ጣት ተጭኖ ያለፈበት ጎድጓዳ አለ። ጭቃው እንዳይሰነጠቅ የተደባለቀው ገለባ እሳት ውስጥ ነድዶ አልቆ፣ በስብራቷ ላይ ቅርጹን ብቻ ትቷል። ጣትን ጎድጓዳው ላይ ሲያሳርፉት ልክክ ይላል። አራት ሺህ ዓመት መሐል ገብቶም ልክክ ይላል። ሰው ለመደነቅ ከዚህ ሌላ ምን ያሻዋል?

የአውራ ጣቷ ባለቤት ማሮ ትባል ነበር እንበል።

ማሮ በአፋፉ መንደር የጋንሶ ግቢ ሰው ነበረች። የጋንሶን ታናሽ ወንድም አግብታ ሲሬ የምትባል አንዲት ሴት ልጅ እንደወለደች ባሏ ጉማሬ ለማደን ወርዶ ሐይቁ አስቀረው። እሷም ብትሆን ሙሉ ሰው አልነበረችም፤ በልጅነቷ ኮርማ ቀኝ እግሯን ረግጧት ታነክሳለች። ቤቱና ጎተራው ገደሉ ላይ፣ ውሃውና ማሳው ገደሉ ሥር ለሆነ መንደር አንካሳነት ቀላል ነገር አይደለም። ሌላዋ ሴት ሁለቴ ወርዳ ስትመለስ ማሮ ገና በመጀመሪያው መንገድ ላይ ናት።

ያን ጊዜ እህሉ የሚረግፍ እህል ነበር። እንደበሰለ ነፋስ ነካ ቢያደርገው፣ ወፍ ቢያርፍበት፣ በአጠገቡ ሰው ቢስቅ እንኳ ፍሬው ዛላውን ጥሎ ይወርዳል። ቀድመው ቢሄዱ ጥሬ ነው፤ ቢዘገዩ መሬት በልታዋለች። ስለዚህ መንደሩ የመዳፍ ቀን የሚለው ነገር ነበረው። መዳፏ የታመነላት የጋንሶ ሚስት ፌንዳ ናት። እህሉ መልኩን ሲለውጥ በየጧቱ ትወርድና አንድ ዛላ መዳፏ ላይ አንዴ ትነቀንቃለች። አንድ ፍሬ ከወደቀ ገና ነው። ሁለትም ከወደቀ ገና ነው። ሦስት የወደቀ ለት ወደ አፋፉ ዞራ እልል ትላለች። ሴቱ ሁሉ ቅርጫቱን ይዞ ይጎርፋል፤ ቅርጫቱን እያወዛወዙ ዛላውን እየመቱ የሚረግፈውን ይቀበላሉ። ማሳውን ሦስት ጊዜ ያዳርሱታል። ከሦስተኛው በኋላ አልረግፍ ብሎ የቀረው የከብት ነው። ለሰው ያልወደቀ ለሰው አልተሰጠም፣ ብለዋል አባቶች። እንዲህ ያለውን ዛላ እምቢተኛ ይሉታል፤ እምቢተኛ መብላት ከላም አፍ መንጠቅ ነው።

ማሮ ስትደርስ ሁልጊዜ ሦስተኛው ዙር እያለቀ ነው።

«ኧረ ፍጠኚ እናቴ!» ትላታለች ፌንዳ። «ላሟ ከኋላሽ መጥታ ልትቀድምሽ ነው!»

«ትቅደም፣ እትዬ ፌንዳ። እሷ አራት እግር አላት፤ እኔ አንድ ተኩል።»

«እንግዲያው ግማሽ ቅርጫት ይበቃሻል በይኛ!»

ሴቶቹ ይስቃሉ። ማሮም ትስቃለች። ሳቅ ግን ጎተራ አይሞላም። ከግቢው ድርሻ ይሰጧት ነበር፤ የተሰጠ እህልና ያመጡት እህል አንድ ዓይነት አይጣፍጥም እንጂ። ሲሬ ስምንት ዓመት በሞላት ዘመን ድርሻውም ሳሳ። የልጅቷ ክርን ከክንዷ ወፍሮ ታየ።

በዚያ ዓመት ማሮ ባዶ ቅርጫቷን ይዛ ማሳው መሐል ቆመች። ከብቶቹ በወዲያኛው ጫፍ ገብተዋል። ፊት ለፊቷ አንድ እምቢተኛ ዛላ ቆሟል። መታችው፤ አልወረደም። ደግማ መታችው። አምባዛ የምትበልትበትን ባልጩት ከወገቧ አወጣችና ግራ ቀኝ አይታ አንገቱን ቆረጠችው። ቀጥላም ሌላውን። በለበሰችው ቆዳ ሥር ሸሽጋ ገደሉን ወጣች፤ ቤቷ ገብታ በድንጋይ እየወቀጠች ፈለፈለችው፤ ለልጇ ገንፎ አገነፋችላት። እህል እህል ይል ነበር። ሌላ ጣዕም አልነበረውም።

አንድ ጭብጥ ፍሬ ግን አስቀረች። በዚያች ጭብጥ ላይ ያሰበችው ነገር ከሞኝነት የሚቆጠር ነው። «ላምን የጠበቀ እኔን አይጠብቀኝም?» ብላ አሰበች። በቃ፣ ይኸው ነው። ዓለምን እለውጣለሁ አላለችም። አንካሳ ሴት የሚጠብቅ እህል ፈለገች።

ሐይቁ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ እየሸሸ ነበር። እንደ ምላስ ወደ ውሃው ከገባው አለት ወዲያ፣ ከሰው ማሳ ርቆ፣ ውሃው የለቀቀው ጥቁር መሬት አለ። እዚያ በድንጋይ ቆፍራ ዘራችው። በመጀመሪያው ዓመት ግማሹ ረገፈ፤ ግማሹ ጠበቃት። ከጠበቃት ብቻ ዘር ያዘች። በሁለተኛውም እንዲሁ። የረገፈውን ቡቃያ እንደ አረም እየነቀለች በሦስተኛው፣ በአራተኛው፣ በአምስተኛውም እንዲሁ። በሰባተኛው ዓመት አንድ ጧት ፌንዳ እንደምታደርገው ዛላውን መዳፏ ላይ ነቀነቀችው። ምንም የለም። ጠንከር አድርጋ ነቀነቀችው። ምንም። ወደ ቀጣዩ ሄደች፤ ከዚያም ወደ ቀጣዩ። ከዳር እስከ ዳር ጎርበጥባጣው ዛላ ሁሉ ፍሬውን አቅፎ ቆሟል።  የበሰለ ነገር ሁሉ በሚወድቅበት ዓለም በስሎ የማይወድቅ ነገር ስታይ መጀመሪያዋ ነበር። ተቀመጠች። 

ጋንሶ ማሳውን ያገኘው በዚያው ሰሞን፣ የጠፋች ጊደር ፍለጋ አለቱን ሲዞር ነው።

«ይሄ ምንድነው?»

«እህል ነው፣ አያ ጋንሶ።»

አንድ ዛላ ይዞ ነቀነቀ። መዳፉን አየ። የሬሳ ገላ እንደነካ ሰው እጁን በቆዳው ጠረገ።

«እህል አይደለም። ይሄ የላም ነው። እህል ይሰጣል፤ ይሄ ይዟል።»

«እኔን ሲያየኝ ይሰጣል።»

«ቀልደሽ ሞተሻል! ምድር ከእህሉ የራሷን ድርሻ ታነሳ ነበር፤ አንቺ ከለከልሻት። ነገ ዝናብ ቢቀር በማን ሊመካኝ ነው? በአንቺ እግር?»

«ምድር ከእኔ ያልወሰደችው ምን አለ፣ አያ? እግሬን ወስዳለች። ወንድምዎን ውሃው ወስዷል። ይቺን እንኳ ለሲሬ ትተውላት።»

ጋንሶ ወንድሙ ሲነሳ ዓይኑን ወደ ሐይቁ መለሰ። ክፉ ሰው አልነበረም። ወግ የያዘ ሰው ነበር፤ ወግ የያዘ ሰው ደግሞ ከክፉ ሰው ይልቅ ለመለመን ይከብዳል።

«የመዳፍ ቀን እልል ይባላል፤ ሦስቴ ይዞራል፤ ከዚያ በኋላ ከብቶቼን እዚህ አስገባለሁ። ከዚያ በፊት ባስገባ እኔው አጥፊ ነኝ። ከዚያ በኋላ ብተውም አጥፊ ነኝ።»

ማሮ እንግዲህ የመዳፍን ቀን እንደ ሞቷ ቀን ትጠብቅ ጀመር። ዘሯን ቀድማ ቆርጣ እንዳትሸሽግ ጋንሶ በየቀኑ ከብቶቹን በአለቱ በኩል እየነዳ ማሳውን ይቃኝ ነበር።

ያ ሁሉ ነገር በደረሰበት ጧት ሴቶቹ ቅርጫታቸውን አንግተው አፋፉ ላይ ተኮለኮሉ። ከምሥራቅ በኩል ሰማዩ ቢጫ ሆኗል። ፌንዳ ታች ሆና ነቀነቀች። ሁለት ፍሬ ወደቀ።

«ሁለት ነው!» ብላ ጮኸች።

«ሰማዩን እዪው እንጂ! ሦስት በይና እንውረድ!» አለች አንዷ።

«እኔ መዳፍ ነኝ እንጂ አፍ አይደለሁም። ሁለት ከወደቀ ሁለት ነው።»

ቅርጫቶቹ ወደ ቤት ተመለሱ። እኩለ ቀን ሳይሆን ነፋሱ መጣ። እንደ ከብት መንጋ አቧራውን እያስነሳ መጣ። የማሳው ድምፅ እስከ አፋፉ ይሰማ ነበር ይባላል፤ እንደ ዝናብ፣ ግን የሚወርደው የሰው የዓመት ቀለብ። ሴቶቹ ገደሉን እየተንከባለሉ ወረዱ። ፍሬውን ከአሸዋ ሊለቅሙ ሞከሩ፤ አሸዋው ራሱ ይሄድ ነበር። ነፋሱ ሦስት ቀን ነፈሰ። ሲያበቃ ማሳው ላይ ባዶ የዛላ ጭራ ብቻ ቆሞ ቀረ።

በአራተኛው ቀን ማሮ እያነከሰች ወደ አለቱ ሄደች። ፌንዳ ተከተለቻት። ሌሎቹም ወዴት እንደሚሄዱ ሳያውቁ ተከተሉ። አለቱን ሲያልፉ ሁሉም ቆሙ።

አገዳው ጎንበስ ብሏል። ቅጠሉ ተቀዳዷል። ዛላው ግን ሙሉ ነው። ሁሉም ዛላ ሙሉ ነው። ሐይቁ ከኋላ ያበራል። ፌንዳ እንደ ልማዷ አንድ ዛላ ይዛ መዳፏ ላይ ነቀነቀች። ባዶ። በሁለት እጇ ነቀነቀችው። ባዶ። እድሜዋን ሙሉ ያመነችውን መዳፏን ገልብጣ አየችው።

«ለምንድነው ያልወደቀው?» አለች በሹክሹክታ።

«እየጠበቀኝ ነው» አለች ማሮ።

ያኔ የከብት ኮቴ ተሰማ። ጋንሶ በትሩን ይዞ ከመንጋው ፊት ቆሟል። ከብቶቹም ርቧቸዋል፤ እህሉን አሽትተው ይገፋሉ። ማሮ ሁለት እጇን ዘርግታ ማሳው አፍ ላይ ቆመች፤ በአንድ ተኩል እግር ስንት ላም ሊከለከል! ጋንሶ ሴቶቹን አየ፤ ማሳውን አየ፤ ፌንዳን አየ።

«መዳፍ ስንት ነበር?» አላት።

«ሁለት።»

«እልል ብለሻል?»

«አላልኩም።»

«እንግዲያው የመዳፍ ቀን አልሆነም» አለ።  «የመዳፍ ቀን ካልሆነ የከብትም ቀን አልሆነም።» በትሩን አሻግሮ ከብቶቹን ወደመጡበት መለሰ። ጥቂት እንደራመደ ቆመና ፊቱን ሳያዞር፣ «በምንድነው የሚቆረጠው?» ሲል ጠየቀ።

በልተው ያደሩት ከዚያ ጥቂቱን ነው፤ ከሐይቁ አምባዛና ከላም ወተት ጋር ክረምቱን ተሻገሩ። የቀረውን ዘሩት። ማሮ ጠጉሯ ሲሸብት ከገደሉ እስከ አለቱ እምቢተኛ ብቻ ነበር፤ ዛላውም ጣት ከማከል ክንድ ወደማከል ሄዷል። ቅርጫት ማወዛወዝ የልጆች ጭፈራ ሆነ።

«ሥራ አስፈታሽኝ እኮ» ትላታለች ፌንዳ፣ ሁለቱ አሮጊቶች አፋፉ ላይ ፀሐይ ሲሞቁ። «ይሄ መዳፍ አሁን ዝንብ ለማባረር ነው።»

«እሱም ሦስት ሲሞሉ ነው የምታባርሪያቸው፣ አይደል?»

ማሮ ገንቦ የምትሠራው በዚህ ዕድሜዋ ነው። የእህሉን ገለባ ከጭቃ ጋር እያሸች፣ አውራ ጣቷን በዙሪያው እያሳረፈች።

አንድ ዓመት ከማሳው ጥግ ጥቂት ዛላ ሳይቆረጥ ተረሳ። በዝናብ ወራት ማሮ በልጇ ትከሻ ተደግፋ ወርዳ ልታየው ሄደች። አገዳው ወድቋል። ዛላው ፍሬውን እንዳቀፈ መሬት ላይ ሻግቷል። አንድም አልበቀለም። የድሮው እህል ይረግፍ የነበረው ሰውን ለማስራብ እንዳልነበረ ያኔ ገባት። ለካ መውደቁ መውለዱ ነበር። እሷ የሚጠብቃት እህል ፈለገች፤ አገኘች። አሁን ግን ያለ ሰው እጅ መውለድ የማይችል ፍጡር በዓለም ላይ ቆመ፤ ያለእሱ ማደር የማይችል መንደርም አፋፉ ላይ ተቀመጠ። ማን ማንን ያዘ? ከአንድ ጭብጥ ይህን ያህል ነገር ሲወጣ ያየ ሰው ምን ይላል? ማሮ ዓይኗን አንስታ ሐይቁን ስታየው ርቆ ነበር፤ በልጅነቷ እግሯን የነከረችበት ዳር ዛሬ ፍየል ይውልበታል።

ገደሉ ሥር በአንዲት ስንጥቅ ጥግ የድሮው፣ የሚረግፈው እህል ጥቂት አገዳ ተርፎ ነበር። ሌላ ቦታ አልነበረም። ማሮ ልትሞት ስትል ሲሬንም የጋንሶን ልጆችም አስጠርታ ስለዚያች ጥግ ነገረቻቸው። ሁሉም እሺ አሉ፤ ለሚሞት ሰው እምቢ አይባልም። በቀጣዩ ክረምት ዝናቡ ሳሳ። እርጥበት የያዘው መሬት ያ ስንጥቅ ብቻ ሆነ። ሲሬ ሦስት ልጆች ነበሯት፤ ክርናቸው ከክንዳቸው ወፍሮ ታይቷት ነበር። ያቺን ጥግ የቆፈረቻት፣ አሮጌውን አገዳ ነቅላ እምቢተኛውን የዘራችበት ሲሬ ራሷ ናት። ማንም ተይ ያላት የለም።

ማሮ የለመነቻቸው ይህችን ብቻ ነበር፦ «አትቁረጧት፤ አትቆፍሯት፤ ከብትም አታስገቡባት። ለእኔ ብላችሁ አንዲት ጥግ እንኳ ትርገፍ።»