ለፓምፕ የተሸከምኩት ድንጋይ

ሐይቅ ከተማ፣ ከአስፋልቱ ዳር የውሃ ፓምፕ እጠግናለሁ። እንደኔ ያሉ ጠጋኞችና ፓምፕ ያላቸው ገበሬዎች የሚወያዩበት የስልክ ግሩፕ አለን። እዚያ በስሜ ቦታ «ኢንጂነር» ብዬ ጽፌያለሁ። ማዕረጉን ለራሴ የሰጠሁት እኔው ነኝ፤ ሌላ ማን ይሰጠኛል?

አንድ ቀን አንዲት ሴት «ሞተሩ ይነሳል፣ ውሃ ግን አይስብም፤ ሽንኩርቴ ሊደርቅብኝ ነው» ብላ ጻፈች። አንብቤ ሳልጨርስ መለስኩ፦ «ውሃውን የሚገፋው የውስጡ ፋን ተበልቷል። ይፍቱት።» አንድ የውጫሌ ሰው ቀስ ብሎ፣ «መጀመሪያ የመሳቢያውን ጎማ ቢያዩት፤ አየር የሚያስገባ ይመስለኛል» አለ። እኔን ሊያርም ነው። «ፓምፕ እኮ ነው ወንድሜ፣ ትምባሆ የምትስብበት ጋያ መሰለህ?» አልኩት። ግሩፑ በሙሉ ሳቀ። የሚስቅልኝ ካገኘሁ ደግሞ አላርፍም፤ ሁለት ቀን ሙሉ ስለ ፋን ጻፍኩ። ሰውየው አንዴ ብቻ «እሺ፣ ጎማውን ግን ይዩት» ብሎ ዝም አለ።

በሦስተኛው ቀን ከዓረብ አገር የተመለሰች አንዲት ወጣት የተፈታታ ፓምፕ በባጃጅ ጭና ሱቄ መጣች። ብሎኖቹን በፌስታል ቋጥራቸዋለች።

«ግሩፕ ላይ አንድ ኢንጂነር ነኝ ባይ ፍቺው ብሎኝ፣ ስፈታው ማሸጊያው ተቀደደ። አላህ ይይልኝ» አለች።

ፋኑን አየሁት፤ እንደ አዲስ ነው።

«እንዲህ ያለ ሰው መቼ ይጠፋል፣ እህቴ» አልኩ። ይህን ማለቴ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ማሸጊያውን ቀይሬ አብሬያት ወደ ሐይቁ ዳር ወረድኩ። በሰው አገር፣ በሰው ቤት ለፍታ ያመጣችው ገንዘብ ሁሉ የፈሰሰው እዚያ መሬት ላይ ነበር። የሽንኩርቱ ጫፍ ቢጫ ሆኗል። ሞተሩን አስነሳሁ፤ ውሃ የለም። ጎማውን ዳበስኩት፤ ከማሰሪያው ሥር አንዲት ቀጭን ስንጥቅ አለች። በአሮጌ የብስክሌት ካላማደሪያ ቁራጭ ጠፍሬ ሳስራት ውሃው መጣ።

«አልሐምዱሊላህ። ያ የውጫሌው ሰውዬ እውነቱን ነበር» አለች።

እኔ ጎንበስ ብዬ ያሰርኩትን እንደገና ማጥበቅ ያዝኩ።

ሱቄ ተመልሼም ነገሩ ከነከነኝ። ስልኬን አውጥቼ «ፋንም ቢሆን አንዳንዴ» ብዬ ጀመርኩና አጠፋሁት። «ጥያቄው በደንብ ስላልተብራራ» ብዬ ጻፍኩ፤ እሱንም አጠፋሁት። በአገራችን የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ይቆማል፤ የተበደለው «አውርድ» ሳይለው አያወርድም። ወጥቼ አንድ ድንጋይ አነሳሁ፣ ማጅራቴ ላይ አድርጌም ፎቶ ተነሳሁ። ከሥሩ «ኢንጂነሩ እኔ ነኝ። የተበላሸው ጎማው ነው፣ ፋኑ አይደለም። ፓምፑን ያስፈታኋት እህቴም፣ የቀለድኩበት ወንድሜም አፉ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ» ብዬ ላክሁ።

ወዲያው ኔትወርክ ጠፋ።

ሥርዓቱን ላለማፍረስ ድንጋዬን እንደተሸከምኩ ሱቄ በር ላይ ቆምኩ። ከመስጊድ የሚመለሱ አንድ ሽማግሌ ጎረቤቴ አዩኝና ክው አሉ።

«ምነው ልጄ፣ ነፍስ አጠፋህ?»

«የለም አባቴ፣ የፓምፕ ጉዳይ ነው።»

ወደ ሱቁ አጮልቀው ፓምፖቹን አንድ በአንድ አዩዋቸው። «ለማንኛውም አስታራቂ ያስፈልግሃል» አሉና አጠገቤ ተቀመጡ።

ኔትወርኩ ሲመለስ የውጫሌው ሰው ቀድሞ ጽፏል፦ «አፉ ብያለሁ። እኔም ጎማውን ማየት የለመድኩት ሦስት ፋን በከንቱ ከቀየርኩ በኋላ ነው።» ሁለት ቀን ሙሉ ስዘባበትበት ይህን ቃል ይዞ ዝም ማለቱ አንጀቴን በላው።

ቀጥሎ የእሷ መጣ። ፎቶውን አይታ ለይታኛለች። «ለፓምፑ አፉ ብያለሁ። ፊቴ ቆመህ ዝም ላልከው ግን ይህ ድንጋይ ትንሽ ነው።»

ለሽማግሌው አነበብኩላቸው። ማጅራቴ ላይ ያለውን ድንጋይ ቀና ብለው አዩት።

«እውነቷን ነው» አሉና፣ ከበድ ያለ ሊፈልጉልኝ ተነሱ።