ዘጠኝ ቁጥርን ያስቆምኩበት ዕለት

ሰው የሚያጨበጭበው ለአጥቂ ነው። ይሄ ነገር እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ሚዛን ተፈሪ ኮሌጅ ስማር ቡድናችን በጥሎ ማለፉ ለፍጻሜ እስኪደርስ ያስቆጠረው አምስት ግብ ብቻ ነበር፤ የገባበት ግን አንድም የለም። ስለዚያ ያወራ ሰው አልነበረም። የከተማው ወሬ ሁሉ ከቴፒ ስለሚመጣው ቡድን ነው። እነሱ አራት፣ አምስት፣ አንዴም ሰባት እያገቡ ነው የደረሱት፤ አብዛኛውን የሚያገባው ደግሞ ዘጠኝ ቁጥራቸው ነበር። ባጃጅ ነጂው ሳይቀር "ስንት ታስተናግዳላችሁ?" እያለ ያሾፍብኛል።

እኔ የመሃል ተከላካይ ነበርኩ። የፍጻሜው ዕለት ከሰዓት በኋላ ማሊያ ስንለብስ አሰልጣኛችን ጠጋ ብሎ "ኳሷ ብታልፍ ግድ የለም፤ እሱ እንዳያልፍ" አለኝ። ገባኝ። እውነቱን ለመናገር ደስም አለኝ።

ሲዘንብ ስላረፈደ ሜዳው ቀይ ጭቃ ሆኗል። ገና ጨዋታው እንደተጀመረ በክርኔ የዘጠኝ ቁጥሩን ጎድን አገኘሁት። ቀጥዬ ቁርጭምጭሚቱን ረገጥኩት። ለማዕዘን ምት ስንዘል ጭንቅላቱን በጭንቅላቴ መታሁት፤ ቅንድቡ ተተርትሮ ደሙ ማሊያው ላይ ወረደ። ጨርቅ አስሮ ተመለሰ። እሱም ቢሆን ዝም አላለም፤ በጉልበቱ ጭኔን ሲለኝ እግሬ ለጥቂት ጊዜ አልታዘዝ አለኝ። ከሜዳው ዳር "ስበረው!" ይላሉ፤ የኛው ደጋፊዎች ናቸው። ከእረፍት በፊት በዕድል አንድ አገባን።

ከእረፍት መልስ አንዴ አመለጠኝ። ወደ በረኛችን ብቻውን ሲገሰግስ ከጎን ደርሼ በሁለት እግሬ ተንሸራተትኩበት። ኳሷ የት እንዳለች አላየሁም፤ ማየትም አልፈለግሁም። ታኬታዬ ቅልጥሙ ላይ ሲያርፍ ደረቅ እንጨት የተሰበረ ያህል ጮኸ። ከዚያ የእሱ ጩኸት መጣ። እግሩ ከጉልበቱ በታች ታጥፎ ነበር።

ዳኛው ቀይ ካርድ አወጣብኝ። የልጁ ጓደኞች እያለቀሱ "ወጌሻ ጋ ውሰዱት!" ይላሉ። አሰልጣኛችን ወደ እኔ ዞረ።

"የወጌሻው ልጅ አንተ አይደለህ? በል ምራቸው፤ ከእንግዲህ እዚህ ምን ትሠራለህ?"

በከተማው ስብራት ጠጋኝ ተብሎ የሚታወቀው አባቴ ነው፤ ቤታችን ከሜዳው ብዙም አይርቅም። ባጃጅ ውስጥ የሰበርኩትን እግር ጭኔ ላይ አስተኝቼ ሄድኩ። መንገዱ ጉድጓድ በጉድጓድ ነው፤ ባጃጁ በነጠረ ቁጥር ልጁ ይጮኻል።

አባቴ እጁን ቅቤ ቀብቶ ስብራቱን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። ከዚያ ቀና ብሎ ታኬታዬን አየ።

"አንተ ነህ?"

"አዎ፣ አባዬ።"

"ኳሷን ነው ያየኸው ወይስ እግሩን?"

"ኳሷን" አልኩ።

ዘጠኝ ቁጥር እንዲነክስ የሰጠነውን ጨርቅ ተፋው። ፊቱ አመድ መስሏል። አሁን ያጋልጠኛል ብዬ ጠበቅሁ።

"ጋሼ፣ እውነቱን ነው። ጭቃው ነው ያንሸራተተው" አለ።

ለምን እንደዋሸልኝ አላውቅም። ምናልባት በአባቴ ፊት እንዳላፍር አዝኖልኝ ይሆናል። ምናልባትም እግሩ በአባቴ እጅ ስለነበረ ፈርቶ ይሆናል። ሁለቱንም ሳስባቸው ያመኛል።

አባቴ ወደ እኔ ዞሮ "ና፣ ከኋላው ሆነህ አጥብቀህ እቀፈው" አለኝ። አቀፍኩት። አባቴ ቁርጭምጭሚቱን ይዞ ጎተተ። አጥንቱ ሲፋጭ ሰማሁ። ልጁ ክንዴን ነከሰኝ፤ ጥርሱ ሥጋዬ ውስጥ ገባ። እጄን አልሳብኩም። እንደዚያ እንዳለን ከሜዳው በኩል ፉጨትና ጭፈራ ፈነዳ። አንድ ለዜሮ አሸንፈናል።

አባቴ እግሩን በቀርከሃ ደግፎ አስሮ ሲጨርስ ደጅ ወጥቶ እጁን ታጠበ። ውኃ የማፈስለት እኔ ነበርኩ።

"ልጁ ይራመዳል፤ መሮጥ ግን አይችልም" አለኝ ሳያየኝ። እጁን እያራገፈ "ስንት ዓመት አጥንት ስጠግን ኖርኩ" አለ። "ጭቃ እንዲህ አይሰብርም።"

በማግስቱ ገበያ መሃል ሳልፍ ሰዎች አውቀውኝ ቆመው አጨበጨቡልኝ። በዕድሜዬ የተጨበጨበልኝ ያን ቀን ብቻ ነው። የተነከሰውን ክንዴን እጅጌዬ ውስጥ ደብቄ አለፍኩ።