በር የሌለው ግንብ

ልብስ ሰፊዋ ቁልፍ እየተከለች ሳለ መርፌው ጨርቁን ስቶ ጣቷን ወጋት። ከግንቡ ማዶ እግሯ አልታዘዝ ያላት ታላቅ እህቷ ተጣርታ አስደንግጣት ነው።

«አንቺ! ምሳዬን ዛሬም አቀዝቅዘሽ ልታመጪው ነው?»

«መጣሁ እታለም! ክንፍ አላወጣሁ፣ ምን ላድርግ?»

ድሮ በሁለቱ ቤቶች መሃል በነበረችው ቀጭን መተላለፊያ ትኩስ ሾርባ ይዛላት ብቅ ትል ነበር። ሌባ ሲበዛ የሰፈሩ ሰው ተሰብስቦ «መተላለፊያዋ በግንብ ትዘጋ» አለ፤ እሷም እጇን አወጣች። በር ይኑረው የሚለውን ሌላው ያነሳዋል እያለ ሁሉም ዝም አለ፤ ግንበኛውም እንደታዘዘው መተላለፊያዋን ደፈናት። አሁን በአስፋልቱ ዞራ ነው የምትሄደው። የእግረኛ መንገድ የለውምና መኪናው እየታከካት፣ ሳህኑን ደረቷ ላይ አጥብቃ ጥግ ጥጉን ትጓዛለች። ስትደርስ ሾርባው ቀዝቅዞ ውሃ ሆኗል፤ እህቷም ሁለት ማንኪያ ቀምሳ ትመልሰዋለች።

በር እንዲወጣለት ለሰፈሩ ኮሚቴ ሰብሳቢ ብትነግረው ሳቀባት።

«እማማ፣ በር ካወጣንለትማ ሌባው አንኳኩቶ ይገባላ!»

«ሌባውማ ዘሎ ይገባል ልጄ። መዝለል ያቃተን እኔና እህቴ ነን» አለችው። «እናያለን» ብሏት ሄደ፤ እስካሁን አላየም።

እናንተ ግን ሰፈራችሁ ግንብ ሊያቆም ሲሰበሰብ፣ እባካችሁ፣ እጃችሁን ከማውጣታችሁ በፊት «ሰው በየት ያልፋል?» ብላችሁ ጠይቁ።