የቀቀልነው ዘር

በደህንነተ ሕይወት ብሔራዊ አማካሪ ኮሚቴ ውስጥ ስሠራ፣ ሥራዬን ለታላቅ ወንድሜ ማስረዳት አንድም ቀን አልሆነልኝም። «ዘረ መሉ የተለወጠ ሰብል ገበሬው እጅ ከመግባቱ በፊት ጉዳት እንዳያመጣ መርምረን መንግሥትን እንመክራለን» አልኩት። «ታዲያ የምትጠብቁት ለእኛ ነው ወይስ ከእኛ?» አለኝ። እሱ እንዲህ ነው፤ ነገር አያጣም።

በዚያ ክረምት ከእንጅባራ ወጣ ብሎ፣ እኛ ባደግንበት ቀበሌ፣ ዋግ የተባለው የሰብል በሽታ የማይደፍረው ድንች በአጥር ተከልሎ ይሞከር ነበር። ከኮሚቴው ተልከን የምንከታተለው ጥቂት ሰዎች ነን። ከአጥሩ ማዶ ያለውን የወንድሜን ማሳ ግን ዋግ መትቶት ቅጠሉ ጠቁሮ፣ ድንቹ በስብሶ ነበር። ለዘር የሚሆን አንድ ፍሬ እንኳ አልተረፈውም። ዘር ካላገኘ መሬቱን አከራይቶ አዲስ ቅዳም ከተማ ከሰል ሊጭን እንደሚሄድ ነገረኝ። ከሃምሳ ያለፈ ሰው ነው፤ ወገቡንም ያመዋል።

አጥሩ ድረስ መጥቶ ባልደረቦቼ ፊት ጠየቀኝ። «ቁና ሙሉ አላልኩሽም፤ ለዘር ያህል ብቻ።»

እኛ አገር ዘር የጠየቀን ሰው ባዶ እጁን መመለስ ነውር ነው፤ የተጣላ እንኳ ይሰጣል። «ጋሼ፣ አይቻልም» አልኩት። ጥናቱ እንዳላለቀ፣ ምርቱም ተቀቅሎ እንደሚቀበር ነገርኩት። ደንቡን ስናወጣ ከደገፉት አንዷ ነኝ፤ ዛሬም ብጠየቅ እደግፋለሁ። እሱ ግን ከዚያ ወዲያ በአፍ መፍቻችን በአዊኛ ማናገሩን ትቶ፣ እንደ ቢሮ ሰው በአማርኛ ያናግረኝ ጀመር። ከስድብ በላይ አመመኝ።

ምርቱ የተሰበሰበ ዕለት በበርሜል ቀቀልነው። ቀበሌው በሙሉ ድንች ድንች ሸተተ፤ ያውም ጎተራ በተራቆተበት ወቅት። ሰው ጉብታው ላይ ቆሞ ያየናል። ጨፍልቀን ጉድጓድ ውስጥ ከተትነውና አፈር መለስንበት። እህል ስቀብር እናቴ ብታየኝ ምን ትል ይሆን እያልኩ አፈሩን በእግሬ ደለደልኩት።

ወንድሜ በማግስቱ ፊቱ በርቶ፣ እርጎ ይዞልኝ መጣ። ይቅር ብሎኛል ብዬ ደስ አለኝ። ለካ ነገሩ ሌላ ኖሯል። እኛ ዘንድ የዘር ድንች ጎተራው አፈር ነው፤ ለከርሞ የሚፈለገው አይወጣም፣ መሬት ውስጥ ይቆያል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እየተባለ ላደገ ሰው ደግሞ በርሜሉ ለታይታ ነው። ዋናው ዘር ከሥር ተቀብሯል፤ እህቱ ለእሱ ደብቃለታለች ብሎ አምኗል።

ከርሞ ከርሞ፣ የመዝሪያው ጊዜ ሲደርስ፣ ጉድጓዱ ተቆፍሮ ተገኘ። የሙከራው ማሳ ዘበኛ አመለከተ፤ ማን እንደቆፈረው ግን አልታወቀም። ለማጣራት ዳንግላ ከተማ ላይ የኮሚቴው ስብሰባ ተጠራ።

ልንጀምር ስንል ወንድሜ በሚኒባስ ደረሰ። አዳራሹ በር ላይ አስጠራኝ። ጫማው ጭቃ ለብሷል፤ ጥፍሩ ሥር አፈር አለ። ማን እንደቆፈረው ያን ጊዜ ገባኝ። ይቆጣል ብዬ ጠበቅሁ፤ አልተቆጣም።

«እውነትም ቀቅላችሁታል» አለኝ።

«ነግሬህ ነበር እኮ፣ ጋሼ።»

«ነግረሽኛል። የከለከልሽኝ ሰው ፊት ስለሆነ ነው ብዬ እኮ ነው።» እንባው ወረደ። በአባታችን ቀብር እንኳ ሲያለቅስ አላየሁትም። «እህቴ ሰርቃልኛለች ብዬ ደስ ብሎኝ ከረምኩ። ነገ ከሰሉ ጋ እሄዳለሁ።»

ትከሻውን ልይዘው እጄን ስዘረጋ ፈቀቅ አለ።

ሚኒባሱ እስኪሄድ በሩ ላይ ቆሜ አየሁት። ከዚያ ገብቼ ተቀመጥኩ። ሰብሳቢው ጉድጓዱን ማን እንደቆፈረው የሚያውቅ ካለ ሲጠይቅ፣ ወንድሜ ነው አልኩ።