ኮምፒውተር ፊት «ኖር!» ያሉት አባቴ

ይህ ያጋጠመኝ ባለፈው ክረምት፣ ትምህርት ቤት በተዘጋ ሰሞን ነው። ዛሬም ወደ ቤቴል በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ድንገት ትዝ ይለኝና ብቻዬን ስስቅ ሰው ዞር ብሎ ያየኛል።

ልጄ ሊያ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ናት። ቤት ውስጥ ለፍላፊ፣ እንግዳ ፊት ግን ትንፍሽ አትልም። ባለቤቴ ትደፍር እንደሆነ ብሎ በኢንተርኔት የሚሰጥ የልጆች ትምህርት አስመዘገባት። ከየአገሩ የተሰባሰቡ ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ በቪዲዮ እየተገናኙ የዓለምን ባህል በጨዋታ ይማራሉ። ይህ ልብስ የየት አገር ነው፣ ይህ ምግብ የማን ነው እያሉ ይገምታሉ። ሊያ መልሱን ሁሉ ታውቃለች፤ የምትናገረው ግን በእኔ ጆሮ ብቻ ነው።

በመጨረሻው ቅዳሜ ሁሉም ልጅ የአገሩን አንድ ባህል ራሱ ማስረዳት ነበረበት። እኔ ሆዬ፣ የባህል ሹመት የተሰጠኝ ይመስል ሳምንቱን ሙሉ ስባዝን ከረምኩ። ቀሚስ አስለበስኳት፣ መሶብ ከጎረቤት ተዋስኩ፣ የምትለውን በእንግሊዝኛ አስጠናኋት።

ተራዋ ደረሰና አስተማሪዋ ጠራቻት። ሊያ አንገቷን ደፋች። ደግማ ጠራቻት። ከካሜራው ጀርባ ሆኜ በእጄ ብል በዓይኔ ብል ወይ ፍንክች!

ይሄኔ ቱርክ ካለችው ልጅ ኋላ በር ተከፈተና ሽበታም አያቷ ፍራፍሬ በሳህን ይዘው ገቡ። ሊያ አጠገብ ተቀምጠው ይከታተሉ የነበሩት አባቴ ብድግ አሉ።

«ኖር!»

ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው መነሳቱ ራሱ ጭንቅ ነው። ካሜራው ደግሞ ቀበቷቸውን ብቻ ነው የሚያሳየው። ቱርኩ ሊቀመጡ ሲሉ ይህን አይተው፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው መልሰው ቆሙ። ስክሪኑ ላይ ሁለት ቀበቶ ሆነ።

«አባባ፣ ይቀመጡ እንጂ! ኮምፒውተር እኮ ነው» አልኳቸው በሹክሹክታ።

«ሰውየውስ ሰው አይደሉም? በእግዜር ሳይሉኝ የምቀመጥ ባለጌ ነኝ?»

እኚያ ቱርክ በእግዜርን ከየት ያምጡት! ልጆቹ መንሾካሾክ ጀመሩ። የአባቴ ጉልበት ይንቀጠቀጣል፤ እሳቸው ግን አልተነቃነቁም።

ሊያ ቀና አለች። ማይኩን ራሷ ከፈተችና በእንግሊዝኛ «እኛ አገር ትልቅ ሰው ሲገባ ተነስተን ኖር እንላለን» አለች። «የገባው ሰው በእግዜር ካላለ አንቀመጥም። አያቴ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ እባክሽ፣ አያትሽ በእግዜር ይበሏቸው!»

ካስጠናኋት አንድም ቃል የለበትም። ቱርኳ ልጅ ለአያቷ ነገረቻቸው። ሰውየው ጉሮሯቸውን ጠርገው «በግዜል!» አሉ። አባቴ እፎይ ብለው ተቀመጡና «ጨዋ ናቸው» ብለው መሰከሩላቸው።

ከዚያ በኋላማ ማን ይቻላቸው! ልጆቹ በየተራ እየወጡ ሲገቡ፣ ሌሎቹ «ኖር!» እያሉ ሲነሱ ሰዓቱ አለቀ። ሊያም አዛዥ ሆና «አንተ፣ ቶሎ ተቀመጥክ፣ ድገም!» ትላለች። መሶቤን ዞር ብሎ ያየው የለም።

ሲያበቃ «በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እንዴት ደፈርሽ?» አልኳት።

«ታዲያ አባባ ቆመው ይቅሩ?» አለችኝ ተቆጥታ።

ዛሬም ነገሩን ሳወራ በሳቅ እጀምርና እዚህ ጋ ስደርስ እንባዬ ይቀድመኛል።