የቲማቲም ራውንድ

ሲስተር ጡረታ የወጡት ከሆስፒታል ነው እንጂ ከነርስነት አይደለም። ሠላሳ አራት ዓመት በቀዶ ሕክምና ክፍል ሲያዝዙ ኖረው ቤት ሲቀመጡ የሚያዝዙት ሰው አጡ። ባልየው ጡረተኛ የከባድ መኪና ሾፌር ናቸው፤ ትእዛዝ በአንድ ጆሮ ሰምተው በሌላው ማፍሰስ የለመዱ። ስለዚህ ጓሮው ውስጥ አርባ ቲማቲም ተተከለ፤ እያንዳንዱም ቁጥር ተለጠፈለት።

"አልጋ ቁጥር አሥራ ሁለት እንዴት አደረ?" ይላሉ ባልየው ቁርስ ላይ።

"ሳቅ፣ ሳቅ! ሲደርስ ስትበላው እናያለን።"

መጀመሪያ የመጣው አቀንጭራ የሚባለው አረም ነበር። ቅጠል የለውም፣ ሥራ የለውም፤ ከቲማቲሙ ሥር ተጣብቆ የሌላውን ጉልበት እየመጠጠ ወይን ጠጅ አበባ ያወጣል። ባልየው "ሲያምር!" ብለው ውሃ ሊያጠጡት ሲሉ ሲስተር ደረሱባቸው። ዘሩን ሳይበትን አንድ በአንድ ነቅለው፣ በላስቲክ ቋጥረው አቃጠሉት። ከዚያ ወዲያ ማን ይቻላቸው! አጥር ተሻግረው የጎረቤታቸውን የልብስ ሰፊዋንም ጓሮ መጎብኘት ጀመሩ። ልብስ ሰፊዋ ብቻዋን የምትኖር፣ ከስፌቱ የጎደለውን በቲማቲሟ የምትሞላ ሴት ናት። ኑልኝ አላለቻቸውም፤ ግን ማን ደፍሮ ሂዱልኝ ይላቸዋል?

ዝናቡ ሲጠና የሲስተር ቲማቲም ቅጠል ቡናማ ነጠብጣብ አወጣ፤ ከበታቹም ነጭ ሻጋታ ለበሰ። ሲስተር እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ጠዋት ጠዋት፣ ጤዛው ሳይደርቅ፣ ሆስፒታል ውስጥ ራውንድ እንደሚሉት የበሽተኛ ጉብኝት፣ አንዲት እርጥብ ጨርቅ ይዘው ከቁጥር አንድ ጀምረው ቅጠሉን ሁሉ እያገላበጡ ይጠርጋሉ። አርባውን ሲጨርሱ በአጥሩ ቀዳዳ ሾልከው የልብስ ሰፊዋን ይቀጥላሉ።

"የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች" አሉ ባልየው። "የታመመውን ነቅለሽ ጣይው እንጂ!"

"በኔ ተራ በሽተኛ አይሞትም!"

በሳምንቱ የልብስ ሰፊዋም ቲማቲም ጠቆረ። ሲስተር ለፍርድ ጊዜ አልፈጁም።

"ጓሮሽ ቆሻሻ ነው!" አሏት። "የኔንም ያስያዝሽው አንቺ ነሽ።"

ልብስ ሰፊዋ አንገቷን ደፍታ ሰማች። ጓሮዋ እኮ ከሲስተር ማዕድ ቤት የጸዳ ነበር።

ነገሩን የደረሱበት ባልየው ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን መንገድ ሲያዩ የኖሩ ሰው ስለሆኑ የበሽታውንም መንገድ አዩ።

"ነይ እስቲ" አሉ። "ከቁጥር አንድ ተነስቶ በተራ በተራ ነው የሄደው። አርባ ላይ ሲደርስ በቀዳዳው ተሻገረ። ማዶም ቀድሞ የጠቆረው ቀዳዳው አጠገብ ያለው ነው። ይሄ በሽታ ነው የመስመር አውቶቡስ? ደግሞ ከውሃ በርሜሉ ጀርባ ያሉትን እያቸው።"

ከበርሜሉ ጀርባ ያሉት ሦስቱ፣ ችግኝ ተርፎ ባልየው የተከሏቸው ናቸው። ቦታው ጠባብ ነው፤ ሲስተር ከተራቸው ስላልቆጠሯቸው ገብተው አያውቁም። ቁጥር የላቸውም፣ ራውንድ አላዩም። ቅጠላቸው ወዝ ጠግቦ፣ ፍሬያቸው ቡጢ አክሏል።

ሲስተር ጨርቁን አዩ፤ እጃቸውን አዩ። እጁን ሳይታጠብ ከአልጋ ወደ አልጋ የሄደ ስንቱን ዶክተር በሰው ፊት አዋርደዋል! እሳቸው ራሳቸው ያንኑ ሲያደርጉ ከርመዋል፤ ያውም በየቀኑ፣ ያውም በኩራት። አፈሩ። ከቲማቲሙ ይልቅ ያቺ አንገቷን የደፋችው ሴት ከፊታቸው አልጠፋ አለች።

አርባውንም ነቀሉ። ልብሳቸውን ቀየሩ። ከዚያ በቀዳዳው ሳይሆን ዞረው ሄደው የልብስ ሰፊዋን የፊት በር አንኳኩ።

"በሽታውን ያመጣሁብሽ እኔ ነኝ" አሉ ገና በሩ ገርበብ ሲል። "በእጄ እየዞርኩ ያዳረስኩት እኔ ነኝ። ያንቺ ጓሮ ምንም አልነበረበትም።"

ልብስ ሰፊዋ መዳፏን ዘርግታ አሳየቻቸው። ቆዳው ተልጧል።

"ሳምንቱን ሙሉ ድንጋዩን ሳይቀር በበረኪና ሳጥብ ከረምኩ እኮ" አለች። "ምኑ ይሆን የቆሸሸብኝ እያልኩ።"

ስንቱን ተለማማጅ ነርስ ያስለቀሱት ሴትዮ እዚያው ደጃፍ ላይ እንደ ሕፃን አለቀሱ።

"ይቅር በይኝ፣ ልጄ።"

ልብስ ሰፊዋ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው።

"ይግቡ፣ ሲስተር" አለች። "ግን አደራዎን፣ ምንም እንዳይነኩ።"